የማናህሎሽ ጅምር ሹሩባዎች

ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ግማሽ ራሷ ጥንቅቅ ብሎ የተሠራ፣ ግማሹ ደግሞ እንደተነደፈ ጥጥ የቆመ ሴት ካያችሁ ከየት መጣች ብላችሁ አትጨነቁ። ከእኛ ጸጉር ቤት ነው የወጣችው። ይህን የምለው ኮርቼ አይደለም። እኔ ሩቲ እባላለሁ፤ የጸጉር ቤቱ እኩል ባለቤት ነኝ። ሌላዋ እኩል ባለቤት ማናህሎሽ ናት። እሷ ትጀምራለች፣ እኔ እጨርሳለሁ። ሥራ የተከፋፈልነው እንዲህ ነው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ደግሞ እጅ የላትም እንዳትሉ። ጁባ ካለው ሐበሻ ሁሉ እንደሷ ሹሩባ የሚሠራ የለም። ጣቶቿ ሲሮጡ ዓይን አይደርስባቸውም። ችግሩ ሐሳቧም አብሮ መሮጡ ነው። አንዷን ጀምራ ሳለ ጄኔሬተሩ ትንሽ ካሳለ ልታየው ትወጣለች። ደጅ ላይ ሎሚ ሻጭ ታገኛለች። ሎሚዋን ታቅፋ ስትመለስ በር ላይ አዲስ ደንበኛ ቆማለች፤ “ነይ ግቢ የኔ ቆንጆ!” ትልና የእሷን ራስ ትጀምራለች። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ማበጠሪያው ጸጉሯ ውስጥ እንደተሰካ መስታወት ትመለከታለች።

ከእኛ ማዶ ጨርቅ የምትሸጥ ዓፊፋ የምትባል የጁባ ልጅ አለች። ድምፅዋ ማይክ አያስፈልገውም። አንድ ቀን የዘመድ ሠርግ አለብኝ ብላ በጠዋት መጣች። ማናህሎሽ ከግራ በኩል ጀመረችላት። ወደ ቀኝ ሳትሻገር ስልክ ተደወለ፣ ስልኩን ይዛ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። እኔ ሙሽራ ይዣለሁ። በስተመጨረሻ ዓፊፋ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ በጎዳናው እየጮኸች ሄደች።

“ማና! ኢታ ወይኑ? ራስ ታይ ኑስ! ኑስ!”

የት ነሽ፣ ራሴ ግማሽ ቀረ ማለቷ ነው። ማናህሎሽ ከሻይ ቤት ውስጥ ብቅ ብላ “ማሌሽ፣ ይቅርታ ዓፊፋ! መጣሁ!” አለቻት። አልመጣችም። ዓፊፋ ግን በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሁሉም ይመለሳሉ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ማናህሎሽን ተናዶባት የሚቆይ ሰው አላየሁም። እኔ ራሴ ሞክሬ አቅቶኛል።

ቤተክርስቲያናችን ውስጥ እህቶች ከልባቸው አዘኑላት። አንድ ረቡዕ ከበው እጅ ጫኑባትና የዝንጉነት መንፈስ እንዲለቃት ጸለዩላት። እሷ ጸሎቱ ገና ሳይጋመስ “አሜን!” ብላ ዓይኗን ገለጠችና እጅ የጫነችባትን እህት “ይቺ ዊግ የት ተገዛች?” ብላ ጠየቀቻት። ጸሎቱ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ግዛውም የመጣው በዝንጉነቷ በኩል ነው።

ግዛው ጁባ ታውን ውስጥ አንድ የአየር መንገድ ቲኬት ቢሮ ይሠራል። ረጋ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ራሱ ላይ ግን ለመድኃኒት እንኳ አንድ ጸጉር የሌለው መላጣ ነው። ማናህሎሽ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ሆሳዕና ለመሄድ ቲኬት ቆርጣ ስትወጣ ፓስፖርቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ መጣች። ግዛው በዚያ ሙቀት ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ተሳፍሮ እስከ ማላኪያ አመጣላት። በነጋታው ልታመሰግነው ሄደች፤ አመስግናው ስልኳን ረስታ ተመለሰች። እሱንም አመጣላት። ከዚያ በኋላ የረሳችው ነገር ባይኖርም ይመጣ ጀመር። ጥግ ላይ ካለችው ወንበር ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያታል። ደንበኞቻችን “መላጣ ሰው ጸጉር ቤት ምን ይሠራል?” ብለው ሲስቁበት ቆፍጠን ብሎ ይመልሳል።

“ወረፋ እየያዝኩ ነው።”

እኔ ይቺን መልስ ከሰማሁ ጀምሮ ግዛውን ወድጄዋለሁ። ማናህሎሽም ወደደችው። እንደወደደችው ያወቅሁት እሱ ሲመጣ የያዘችውን ራስ ስለማትለቅ ነው።

ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ነገራት። እዚህ አገር እናት አባት አጠገባችን የለም፤ አባት የሚሆነን ቀድሞን የመጣ ሰው ነው። በእሷ በኩል አባት ሆነው የሚቀመጡት ጋሽ ብርሃነመስቀል ነበሩ፤ ጁባ ታውን የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ስንቷን ልጃገረድ ድረው ያስወጡ ሰው። ከግዛው በኩል ደግሞ ጋሽ ባልቻ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እንዲመጡ ተቆረጠ። ጋሽ ባልቻ የሕንፃ ሥራ ኃላፊ ናቸው። ተረትና ምሳሌ ሲጀምሩ ግን ሕንፃው ተሠርቶ ያልቃል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ አትላባራ ሰፈር እኔና እሷ በምንከራያት ቤት ነበር። ምንጣፉ ተጠርጎ፣ ዳቦው ተቆርሶ ቀርቧል። ማናህሎሽ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ትዞራለች። “ለስላሳው አነሰ፣ መጣሁ” ብላ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ባልቻ ከአብርሃምና ከይስሐቅ ጀምረው እስከ ግዛው ድረስ ወረዱና “ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን” አሉ። ጋሽ ብርሃነመስቀል በዓይናቸው እኔን ይፈልጋሉ። እኔ በዓይኔ በሩን እፈልጋለሁ። ልጅቷ የለችም።

አባት መሆን ጥበብ ነው። ጋሽ ብርሃነመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

“አመጣጣችሁ ጥሩ ነው። ግን ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። እኛም እንመካከር፣ እናንተም ተመለሱ።”

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። የጨዋ ቤት ልጅ በመጀመሪያ ቀን ከተሰጠችማ ምኑን ልጅ ሆነች! እየተመራረቁ ሲወጡ ግቢው በር ላይ ማናህሎሽ ከቦዳ ላይ ስትወርድ አገኟት። ለስላሳ የሚባል ነገር የለም። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ አንድ ሳፋ ሙሉ ትኩስ የዓባይ ዓሣ ታቅፋ መጥታለች፤ ዓሣው ቀሚሷ ላይ ውኃውን ያንጠባጥባል። ሽማግሌዎቹን ስታይ ፊቷ በራ።

“እንዴ ጋሽ ባልቻ! ሰላም ናችሁ? ማንን ልትጠይቁ መጥታችሁ ነው?”

እኔ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ አልኩ። ጋሽ ባልቻ ግን ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“አያችሁ? እንዳላወቀች ስትሆን! ጨዋነት ይሏል ይህ ነው።”

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው ማናህሎሽ የገባት። ሳፋውን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ዓሣውን እኔ ጠበስኩት።

ሄለን ወደ ጸጉር ቤታችን የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሄለን የአንድ የእርዳታ ድርጅት የጤና ተመራማሪ ናት፤ አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ፣ ከኮምፒውተሯ ጋር ጁባ የተላከች። ጸጉሯን በቢጎዲን ጠቅልለን ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባናት። አደራው የማናህሎሽ ነበር። ማናህሎሽ ከዓፊፋ ጋር ጨርቅ ስታማርጥ ቆይታ ተመለሰችና ሌላ ሹሩባ ጀመረች። እኔ ስደርስ የሄለን ጆሮዎች በርበሬ መስለዋል።

ተናዳ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ ሄለን ጆሮዋን እያሻሸች ማናህሎሽን ታጠናት ጀመር። ስንት ራስ እንደተጀመረ፣ የትኛው እንዳለቀ አየች። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ “ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ?” ብላ ጠየቀቻት።

“ከልጅነቷ? ከማህፀን ጀምሮ በያት” አልኩ እኔ።

ሄለን ሰዎች ኤዲኤችዲ ስለሚሉት ነገር ታጠና ነበር። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ማለት ነው። እኔ ስሰማው አልገባኝም። “እኛ አገር ይሄ ስሙ ቅብጥብጥ ነው። ፈውሱም ቁንጥጫ ነው” አልኳት።

“ስንት ጊዜ ተቆነጠጠች?” አለችኝ ሄለን።

“ተይው።”

“ሠራ?”

ፎጣ ማጠፍ ጀመርኩ።

ሄለን ረጋ ብላ አስረዳችን። የአንጎል አሠራር ነው፤ ስንፍና አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። ወንድ ልጅ ሲሆን ጠረጴዛ ላይ ስለሚወጣ ቶሎ ይታያል፤ ሴቷ ግን ወይ በሐሳብ ትሄዳለች ወይ ወሬ ታበዛለች፣ ልበ ቢስ ተብላ ተሰድባ ታድጋለች። ብዙዎችን የሚረዳ መድኃኒት አለ፣ ጁባ ግን እንደልብ አይገኝም። እሷ የምታጠናው መድኃኒቱ በማይገኝበት ከተማ የሚሠራ አዋቂ ሰው ምን ቢለምድ ኑሮው እንደሚቀልለው ነው። ማናህሎሽ ፈቃደኛ ከሆነች ከናይሮቢ በቪዲዮ አንድ የአእምሮ ሐኪም ያያታል፣ ከዚያ ሥልጠናው ይቀጥላል።

መጠይቁን እዚያው ጀመሩ። ሄለን ታነባለች።

“ሥራ ጀምረሽ ሳትጨርሺ ሌላ የመጀመር…”

“አዎ!”

“ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ጣልቃ…”

“አዎ!”

“ጥያቄው ሳያልቅ መልስ…”

“አዎ አዎ!”

ሄለን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። ማናህሎሽ አልሳቀችም። “ይሄ ነገር ሌላም ሰው አለው ማለት ነው?” ብላ ጠየቀች። ብዙ ሰው እንዳለው ሲነገራት ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ዝም አለች። ማናህሎሽ ዝም ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደነገጥኩ።

ሐኪሙም በስክሪን አይቷት፣ ብዙ ጠይቋት ሄለን የጠረጠረችውን አረጋገጠ። ወደፊት አዲስ አበባ ስትሄድ ስለ መድኃኒቱ ከሐኪም ጋር እንድትመክር ነገራት። ከዚያ ሥልጠናው ቀጠለ። የስልክ ማንቂያ ሞከርን፤ ሲጮህ አጥፍታ ለምን እንደጮኸ ትረሳለች። መስታወት ላይ ማስታወሻ ለጠፍን፤ ላዩ ላይ የዊግ ዋጋ ጻፈችበት። ሄለን ግን ተስፋ አልቆረጠችም። “ዘዴው ከራስሽ ሥራ መምጣት አለበት። እጅሽ ያለሱ የማይሠራው ምንድን ነው?” አለቻት።

ማናህሎሽ ጭራዋ ቀጭን የሆነች አንዲት ቢጫ ማበጠሪያ አለቻት። ከሌላ ማበጠሪያ ጋር አትግባባም። ትንሽ አሰበችና ከጸጉር ማሰሪያ ሳጥን ቀይ ሪባን አውጥታ ማበጠሪያዋ ላይ አሰረች።

“ከዛሬ ጀምሮ፣ ራሷን የጀመርኩት ሰው ይህን ትይዛለች። ስወጣም እሷ እጅ ላይ ትቼው ነው የምወጣው። ያለሱ ሌላ ራስ መንካት አልችልም።”

በዚያች ማበጠሪያ ሕይወታችን ተቀየረ። ማናህሎሽ አሁንም ትወጣለች፤ ሎሚው፣ ጄኔሬተሩ፣ ሻይ ቤቱ የት ይሄዳሉ? ነገር ግን ተመልሳ ስትመጣና አዲስ ደንበኛ ስትጠራት፣ እጇ ማበጠሪያውን ይፈልጋል፤ ማበጠሪያው ደግሞ የተጀመረችው ሴትዮ እጅ ላይ ነው። ዓፊፋ ተራዋ ሲደርስ እንደ ንግሥት በትር ቀጥ አድርጋ ይዛው ትቀመጣለች። አንድ ቀን ማናህሎሽ ስትዘገይባት ይዛው ጎዳና ድረስ ወጥታ “ማና! ካላስ! በቃ፣ ነይ ጨርሺ!” እያለች አሳደደቻት። ያን ቀን ሹሩባው አለቀ። ዓፊፋ በመስታወት ቀኟንም ግራዋንም አይታ አላመነችም።

እንግዲህ ሁለተኛው የሽማግሌ ቀን ሲደርስ እኔ ምንም አልፈራሁም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? ለስላሳው ከቅዳሜ ጀምሮ ገብቷል። ለጥንቃቄ ብዬ ጫማዋን ደብቄያለሁ። ማናህሎሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ማበጠሪያዋን በጣቷ ታሽከረክራለች። የጋሽ ባልቻ ሳል ከግቢው ሲሰማ በሩን ልከፍት ተነሳሁ። እንግዶቹን አስገብቼ ዞር ስል ሶፋው ባዶ ነው። የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ያቺኑ “እንመካከር” ለመናገር ሞከሩ። ጋሽ ባልቻ ግን በዚህ ጊዜ አልተደሰቱም።

“አንድ ጊዜ መመለስ ወግ ነው። ሁለት ጊዜም እሺ፣ ኩራት ነው። ልጃችን ግን ሰው ነው፣ ያፍራል። ሦስተኛ እንመጣለን። ያን ቀን ልጅቷን በዓይናችን ካላየን አራተኛ የለም። መልሱ እምቢ ነው ብለን እንቀራለን።”

አባባላቸው ቁጣ አልነበረበትም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ማላኪያ ሄጄ አገኘኋት። እሑድ ስለሆነ ጸጉር ቤቱ ዝግ ነው። ውስጥ ጨለም ባለው፣ ባልበራ ካስክ ሥር፣ በባዶ እግሯ ተቀምጣለች። ከአትላባራ ድረስ በባዶ እግሯ ነው የመጣችው። መንገድ ላይ ስብከት አዘጋጅቼ ነበር፤ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ከሚለው ተረት የሚጀምር፣ ረጅም ስብከት።

“እንዴት ትረሻለሽ? ደጅ ላይ ሲያስሉ እየሰማሽ እንዴት ትረሻለሽ?”

“የመጀመሪያውን ረስቼው ነው” አለች ቀና ሳትል። “የዛሬውን አልረሳሁም።”

ስብከቴ ጠፋብኝ። አጠገቧ ባለው ካስክ ሥር ቁጭ አልኩ።

“ግዛውን አትወጂውም?”

“እወደዋለሁ። ስለምወደው ነው።” ማበጠሪያዋን ከእጅ እጅ ታዘዋውራለች። “እናቴ ልጅ ሆኜ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‘አንቺ ልጅ ብትወልጂ ታክሲ ውስጥ ረስተሽው ትወርጃለሽ’ ትለኝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሩቲ፣ እኔ ሄለንን ካስክ ውስጥ ረስቻታለሁ። ሄለን ትጮሃለች፣ ሄለን ትልቅ ሰው ናት። ሕፃን ምን ይላል? ግዛው ልጅ ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ። ብረሳውስ?”

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ፣ ስትስቅ ከልቧ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር። ተነስቼ እግሯን አጠብኩላት፤ ጸጉር ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ፣ በምርጡ ሻምፖ።

ሰኞ ሄለን መጣች። ማናህሎሽ እንደ ልማዷ ሳትዞር ሳትመለስ ጠየቀቻት።

“እንደኔ ያለ ሰው ልጁን ይረሳል?”

ሄለን አይረሳም ብላ አላባበለቻትም። እኔ ብሆን አባብላት ነበር። “ከሌላው ሰው ይልቅ መጠንቀቅ ይኖርብሻል። ግን እንዳንቺ ያሉ ብዙ ሰዎች ልጆች አሳድገዋል። ለደንበኞችሽ ብለሽ ማበጠሪያ ላይ ሪባን ያሰርሽ ሰው ለልጅሽ ደግሞ ሌላ ታስሪያለሽ” አለቻት። ከዚያ ድንገት ትዝ እንዳላት ሆና “ይሄ ነገር በቤተሰብ ይወረሳል። ሐኪሙም ጠይቆሽ ነበር፣ ማንም የለም ብለሻል። እርግጠኛ ነሽ?” ብላ ጠየቀች።

“ማንም የለም። አባቴ ሰዓት ነው። እናቴ…” ብላ ማናህሎሽ ቆመች። “እናቴ…”

ስልኳን አነሳችና ሆሳዕና ደወለች። ድምፁን ከፍ አደረገችው። እናትየው አነሱ፤ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ “ቆይ ቆይ፣ ወጡን ጥጄ ነው የመጣሁት” ብለው ስልኩን አስቀመጡ። ጠበቅን። በሩቅ ከጎረቤት ጋር ስለ ዶሮ ሲነጋገሩ ይሰማል። እኔና ሄለን ተያየን። እንደገና ስልኩን ሲያነሱ ገርሟቸው “እንዴ፣ አንቺ እዚህ አለሽ?” አሉ።

“እማዬ፣ እኔን ረስተሽኝ ታውቂያለሽ?”

እናትየው ሳቁ፤ ሳቁ ግን የተሸማቀቀ ዓይነት ነበር።

“ማን ነገረሽ? አባትሽ ነው አይደል? አፉን የማይይዝ! እንግዲህ አንዴ ነው። ገበያ ነው። ሽንኩርት ሻጯ ዘንድ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኩሽ፣ መረጥኩ፣ ከፈልኩ፣ ሽንኩርቱን አዝዬ ቤት ገባሁ። ከጀርባዬ ሳወርድ፣ ለካ የታዘለው ሽንኩርት ነው!”

“ምን አደረግሽ ታዲያ?”

“ምን አደርጋለሁ! ጫማ እንኳ አላደረግሁም፤ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። እዚያው ነበርሽ፤ የሽንኩርት ልጣጭ እያኘክሽ ትስቂያለሽ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ስሄድ እግርሽን ከመቀነቴ ጋር በሪባን አስር ጀመር። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ይሳቅ!”

ማናህሎሽ እጇ ላይ ያለውን ቀይ ሪባን ታያለች።

“እና ለምንድን ነው ልጅሽን ታክሲ ውስጥ ትረሻለሽ የምትይኝ የነበረው?”

“እኔን እንዳትመስዪ ፈርቼ ነዋ!” አሉ። “ያን ቀን እስክደርስልሽ የሮጥኩትን አሁንም በሕልሜ እሮጠዋለሁ። ግን ልጄ፣ ረሳሁሽ እንጂ ተውኩሽ?”

ማናህሎሽ አፏን በእጇ ያዘች። ስልኩ ሳይዘጋ እናትየው ወጡ ማረሩን አውቀው ጮኹ፤ እኛ ሦስታችንም በእንባችን መሃል መሳቅ ጀመርን።

ሦስተኛው እሑድ መጣ። ጫማዋን አልደበቅሁም፤ እሷም የኋላውን በር ራሷ ቆለፈችና ቁልፉን ለጋሽ ብርሃነመስቀል ሰጠቻቸው። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቄ አስጠናኋት። ሽማግሌ ሲናገር አንገቷን ደፍታ መስማት ነው። ሲጠይቋት “አባቶቼ ያውቃሉ” ማለት ነው። ጋሽ ብርሃነመስቀልም ለክብሯ ሲሉ አንድ ቀጠሮ ሊጨምሩ ተዘጋጅተዋል። ሌሊቱን ስትለማመድ ነበር፤ “አባቶቼ ያውቃሉ” እያለች ስትገለባበጥ ሰምቻታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ማናህሎሽን ሶፋው ላይ ሲያይዋት ጋሽ ባልቻ እፎይ አሉ። እንደ ወጉ ቆሙ። ከአብርሃም ተነሱ። ማናህሎሽ አንገቷን ደፍታ የማበጠሪያዋን ሪባን ትጠመልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠመልላለች። ጋሽ ባልቻ ይስሐቅን አልፈው ርብቃ ጋ ደረሱ። በእግሯ ወለሉን መደብደብ ጀመረች። እኔ በዓይኔ “ቻይ” እላታለሁ።

“እንግዲህ” አሉ ጋሽ ባልቻ “አበው ሲናገሩ፣ ዛፍ የሚተክል ሰው ጥላውን…”

“እሺ!” አለች ማናህሎሽ።

ጋሽ ባልቻ ተረቱ አፋቸው ላይ ቀረባቸው። ጋሽ ብርሃነመስቀል ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ለስላሳውን ይዤ በበሩ መሃል ደረቅሁ።

“እሺ አልኩ” አለች ብድግ ብላ። “ሌላ ቀጠሮ አትስጧቸው ጋሼ። ግን ለግዛው አንድ ነገር ንገሩልኝ። እኔ እረሳለሁ። ሐኪም አይቶኛል፣ እየተማርኩ ነው፣ ግን እረሳለሁ። ልጅም ብንወልድ ልረሳ እችላለሁ። እናቴም ረስታኝ ነበር። ይህን ሳያውቅ እንዳያገባኝ።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ፊት የተናገረች ልጅ አላጋጠማቸውም። ጋሽ ባልቻ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

“ልጃችን አንድ መልእክት አሲዞን ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “የመጀመሪያ ቀንም አሲዞናል። እኛ ለሽምግልና የሚሆን ቃል መስሎ ስላልታየን ትተነው ነው። ‘የምትረሳውን እኔ አመጣለሁ፤ የተዋወቅነውም እንደዚያ ነው በሉልኝ’ ብሎናል።”

ማናህሎሽ ምንም አላለችም። ሁለተኛ ጊዜዋ ነው ዝም ስትል ያየኋት። ከዚያ ጠጋ ብላ ቢጫዋን ማበጠሪያ ከነሪባኗ በጋሽ ባልቻ እጅ ላይ አደረገቻት።

“ስጡልኝ።”

ጋሽ ባልቻ ማበጠሪያውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። “ልጄ፣ ግዛው እኮ መላጣ ነው።”

“አውቃለሁ። ይያዘው።”

ሰኞ ጠዋት ማናህሎሽ ባዶ እጇን ጸጉር ቤት ገባች። ዓፊፋ በጊዜ መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ማበጠሪያ የለም፣ ሥራ የለም። “ሹኑ? ምንድን ነው? ማበጠሪያው ወይኑ?” እያለች ስታጉረመርም ግዛው ገባ። ሸሚዙ ተተኩሷል። መላጣው በጠዋቱ ፀሐይ ያበራል። ማበጠሪያውን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ፣ ዓፊፋ እንደምትይዘው ይዞታል። የተለመደችው ጥግ ሳይሆን መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

“ወረፋዬ…” ሲል ጀመረ።

“ደርሷል!” አለችው።